ከንቲባችን መሬት ሰጡልን

ደስ ሲል! ከተማችን ለዩኒቨርሲቲያችን መሬት አበረከተች። አዲስ ሕንፃ ሊሠራበት ነው። ድንኳን ተጥሎ፣ ባነር ተሰቅሎ፣ ሁላችንም ተሰብስበን አጨበጨብን። እኔ በበኩሌ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት።

እንዲህ ያለ ቸርነት ከየት ይገኛል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ዩኒቨርሲቲውም የመንግሥት ነው። እንግዲህ መንግሥት ከግራ ኪሱ አውጥቶ ቀኝ ኪሱ ከተተ፤ ባለ ኪሱ ሕዝብ ደግሞ ብድግ ብሎ «እግዜር ይስጥልን» አለ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያለው ማን ነበር? የኛን ከንቲባ መድረክ ላይ ቢያያቸው አፉን ይይዝ ነበር። እኔም በሚቀጥለው ወር ደመወዜን ከሱሪዬ ወደ ኮቴ ሳዛውር ጎረቤት ልጠራ አስቤያለሁ።

ነገር ፈላጊ መቼም አይጠፋም። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጠጋ ብሎ «በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ እኮ ይሄ ምደባ ነው የሚባለው፣ ስጦታ አይደለም» አለኝ። ዝም በል አልኩት። ለምደባ ሰንጋ ይጣላል እንዴ?

በዚህ ነገር የተሳሳቱት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ያውም የሚኖሩበትን ቤት! ምን ዓይነት ችኮላ ነው? ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ተከድኗል፤ ተማሪ ዘው ብሎ ገብቶ ተማረበት። ይኸው ስድስት ኪሎ እስከ ዛሬ ይማሩበታል። ባዶ ሜዳ ሰጥቶ ማስጨብጨብ እያለ!

ከንቲባችን ግን ወጉን ያውቃሉ። የመሠረት ድንጋዩን ጣሉ። እብነ በረዱ ላይ ስማቸው በትልቁ ተጽፏል፤ የዩኒቨርሲቲው ስም መነጽር ላለው ሰው ይነበባል። ያለፈው ከንቲባም ጥለው ነበር፣ በሌላ ሜዳ። ከሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ። የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል ለመክፈት ድንጋይ እንኳ አይቸግረንም።

የበፊተኛውን ቦታ ባለፈው ሳልፍ አየሁት። የቆርቆሮ አጥሩ ግማሹ የለም። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እንሰማ ነበር፤ የኛዋ ምድር ላይ ናት። ሣሯን ግጣ ስትጨርስ የመሠረት ድንጋዩ ላይ ገላዋን ታካለች።

ለካ የዘንድሮው መሬት ባለቤት ነበረው። ሽማግሌው ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ከተማው ሰፍቶ እስኪደርስባቸው ጤፍ ይዘሩበት ነበር። በንግግሩ መሀል ስማቸው አልተነሣም፤ ግን ማዕረግ ተሰጥቷቸዋል፦ «የልማት ተነሺ»። ካሳዎ ተከፈለ ወይ አልኳቸው። «እየተጠና ነው አሉኝ» አሉ።

ፕሮግራሙ አልቆ መኪኖቹ አቧራውን አስነሥተው ሄዱ። እሳቸው ቀስ ብለው ወደ ድንጋዩ ሄዱ፣ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ባጁን አንገቴ ላይ አይተው ባለሥልጣን መሰልኳቸው መሰለኝ።

«ልጄ፣ ትንሽ ወደ ዳር እንዲያስጠጉልኝ ንገርልኝ» አሉኝ። «ክረምቱ ሲገባ ማረሻ ይሰብርብኛል።»