ይድረስ ለክቡር አቶ "እነሱስ?"

ቁጥር፦ የለውም
ቀን፦ ዝናቡ ሲያባራ
ጉዳዩ፦ ከቡና ወንበራችን ላይ እንዲነሱልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ እንደምን ከርመዋል ብዬ አልጠይቅም፣ እንዴት እንደከረሙ በአይኔ አይቻለሁ፣ ከመቼውም በላይ ወፍረዋል። ትላንት ጠዋት ቡና ላይ ነበሩ፣ ከሰዓት ባጃጅ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቀው አገኘሁዎት፣ ማታ ደሞ ቤቴ ቀድመውኝ ገብተው ራት ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ሰው እኮ ትንሽ ይሉኝታ ይኖረዋል።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን መሰለኝ። ሃያ ዓመት ከአንድ ጀበና የጠጣን ሰዎች ነን፣ አንተ ብልህ ቅር አይልህም፣ ቢልህም ምን እንደምትመልስ አውቀዋለሁ፣ "ሌሎቹን አንተ ትል የለ?" ነው የምትለኝ።

መቼም የማያውቅህ አይኖርም እንጂ ካለ ልንገረው፣ አራት ፊደልና አንድ የጥያቄ ምልክት ነህ በቃ። ቢሮ የለህም፣ ምርጫ ቦርድ አልመዘገበህም፣ የምርጫ ምልክትም የለህም፣ ግን የሁሉም ፓርቲ አባል ነህ፣ በሁሉም እጩ ኪስ ውስጥ አለህ። ስንቱ ፓርቲ አገር አቀፍ ለመሆን ፊርማ ሲያሰባስብ ጫማው ያልቃል፣ አንተ ያለ አንድ ፊርማ ከሞያሌ እስከ ሁመራ ቅርንጫፍ ከፍተሃል።

ነገሩን ከዚህ ሳምንት ልጀምርልህ። ሀዋሳ፣ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ዛፍ ስር ያለችውን ጀበና ቡና ታውቃታለህ፣ አንተ መች ታጣታለህ። እዛ ሁለት ወዳጆች አሉኝ። አንዱ ሶስት ማንኪያ ስኳር ካልገባበት አይጠጣም፣ ባለ ስኳሩ እንበለው። ሌላው ጤናዳም ካልተነከረበት ቡና አይለውም፣ እሱ ባለ ጤናዳሙ ነው። አንዱ የገዢው ፓርቲ ደጋፊ፣ አንዱ የተቃዋሚ፣ ይቅርታ አሁን ተፎካካሪ ነው የሚባለው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አልነግርህም፣ የፓርቲ ስም ከጠራሁ ገና አፌን ሳልዘጋ ከች እንደምትል አውቃለሁ።

እና ሰኞ ጠዋት፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ ጋሼ የምንላቸው፣ ግማሻችንን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው፣ ስኒያቸውን አስቀመጡና ቀስ ብለው "ያ ለምርጫ ጊዜ የመጣው ሰውዬ ቦዩን አስጨርሳለሁ ብሎ አልነበር እንዴ? ምን ደረሰ?" አሉ። ጥያቄው ይሄው ነው። ቦዩን ታውቀዋለህ፣ ግማሹ ተቆፍሮ ድንጋዩ ዳር ላይ ተከምሮ የቀረው፣ ክምሩ ላይ ሳር በቅሎበት ፍየል የሚግጥበት። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ቦዩን ትቶ በሰው ግቢ ነው አቋርጦ የሚሄደው፣ ባለፈው እንኳን የአንዷ ባጃጅ የፊት ጎማ ገብቶ አራት ሰው ተሸክሞ ነው ያወጣት፣ ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።

ባለ ስኳሩ ስኳሩን እያማሰለ ቀና እንኳን ሳይል "እነሱስ ስንቱን ቃል ገብተው የት አለ?" አለ። መጣህ! ባለ ጤናዳሙ ይሄን ሲሰማ ስኒው እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ "እኛን ነው? እናንተስ ያኔ..." ብሎ ጀመረ። በአስር ደቂቃ ውስጥ ከቦዩ ተነስተን 2007 ደረስን፣ ከዛ 1997፣ ከዛ ደርግ፣ ከዛ ጃንሆይ፣ ሶስተኛው ስኒ ባያልቅ ኖሮ ዮዲት ጉዲት ላይ እንደርስ ነበር። ጋሼ ግን ቦዩ ጋ ብቻቸውን ቀሩ።

አንድ ቀን ሀይቁ ዳር አሞራ ገደል ሂድና አሳ የሚያጸዱትን ልጆች እይ። ልጁ ቆሮሶውን ይሰነጥቃል፣ የሆድ እቃውን ይጥላል፣ እነዛ አባኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ደሞ አንገታቸውን ቀብረው ጡረተኛ ጄኔራል መስለው ቆመው ይጠብቃሉ፣ ልክ ሲወረወር ስምንቱ አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ክንፍ በክንፍ ይሆናል፣ አቧራው ይጨሳል፣ ቱሪስት ፎቶ ያነሳል። አቧራው ሲበርድ መሬት ላይ ምንም የለም። አንተ እንደዛ ነህ፣ ጥያቄ ሲወረወር ጠብቀህ ነው የምትነሳው። ልዩነቱ አባኮዳው ቢያንስ ግቢውን ያጸዳል።

እኔ አንተን በደንብ የተዋወቅኩህ በ1997 ነው፣ ያኔ ከተማዋ ራሷ አዋሳ ነበር የምትባለው። ክርክሩ በቲቪ ሲተላለፍ ጎረቤቱ አንድ ቤት ተሰብስቦ ያይ ነበር። ሚያዝያ 29 ኢህአዴግ መስቀል አደባባይ ሰልፍ ጠራ፣ በማግስቱ በ30 ተቃዋሚዎቹ ጠሩ፣ እኛ ደሞ እዚህ ቁጭ ብለን የማን ሰልፍ ይበልጣል እያልን ልንፋጅ ደረስን፣ "ተገዶ የወጣ ነው" ሲባል "እነሱስ?" ሲባል፣ አጎቴና ጎረቤታችን ከዛች ቀን በኋላ ለሁለት ዓመት በእጅ ሰላምታ ብቻ ነበር የሚተላለፉት። ከዛ 2002 መጣ፣ ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ። 2007 ላይ ሁለቱንም ጨምረው 547 ከ547 ሆነ። እኔ በየዋህነቴ አሁንስ ይሄ ሰውዬ በረሃብ ይሞታል ብዬ ነበር፣ ምክር ቤቱ ውስጥ "እነሱ" የሚባል አንድም ሰው የለማ! አንተ ግን ወይ ፍንክች። ያለፈው ስርዓት አለ፣ ውጭ ያሉት አሉ፣ በጎረቤት አገር የተቀመጡት አሉ፣ እየጠቀስክ ኖርክ። ኢህአዴግ ራሱ ፈርሶ በብልጽግና፣ የምርጫ ምልክቱ ንቧም በአምፖል ስትተካ ስንት ሰው ቲሸርት ቀየረ፣ አንተ ሸሚዝህን እንኳን አልቀየርክም፣ ስትጠቁምበት የኖርክበት ጣት ብቻ አቅጣጫ ቀየረ። በ2013 ብልጽግና ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች 410ሩን ሲወስድ አንተ ከአሸናፊውም ከተሸናፊውም ጋር ስትደንስ አይቼሃለሁ።

ካንተ ጋር ስኖር የተማርኩት ቋንቋ አለ ደሞ። የኛ እጩ ሲዋሽ "ንግግሩ ተቆርጦ ነው"፣ የነሱ ሲዋሽ "ደማቸው ውስጥ ነው"። የኛ ሰው ፓርቲ ሲቀይር ለመርህ ነው፣ የነሱ ሲቀይር ለመሬት። የኛ ቃል ካልተፈጸመ በጀት አልተለቀቀም፣ የነሱ ካልተፈጸመ ድሮም ሌባ ናቸው። ባለ ስኳሩም ባለ ጤናዳሙም ይሄን መዝገበ ቃላት በቃላቸው ያውቁታል፣ እትሙ አንድ ነው፣ "የኛ" የሚለው ገጽ ላይ የተለጠፈው ፎቶ ብቻ ነው የሚለያየው።

እዚህ ጋ "ታዲያ ማወዳደር ነውር ነው እንዴ?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። አይደለም ባክህ፣ ምርጫ ማለት እኮ ማወዳደር ነው። አንተ ግን አታወዳድርም፣ አንተ ጥያቄውን አንስተህ ሌላ ሰው በር ላይ ጥለህ ነው የምትሮጠው። ማስረጃ ልስጥህ? ረቡዕ ጋሼ እንደገና መጡ፣ እንደገና ቦዩን ጠየቁ፣ ባለ ስኳሩ እንደገና አንተን ጠራህ። ጋሼ ግን የዛን ቀን ተዘጋጅተው ነው የመጡት፣ ድሮ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርጉት ጠመኔ የያዘ የመሰለ ጣታቸውን አንስተው "እሺ ልጄ፣ እነሱም ዋሽተዋል ብለን እንጻፈው፣ ጻፍኩት፣ አሰመርኩበት። ቀጥሎ፣ የናንተው ሰውዬስ?" አሉት።

ያኔ ነው ያየሁህ። ጠፋህ። ጸጥ አለ፣ ጀበናው ከሰሉ ላይ ሲንፈቀፈቅ ብቻ ነው የሚሰማው። ባለ ስኳሩ ስልኩን አወጣና ኔትወርክ የለም እንዴ አለ፣ ማንም ስለ ኔትወርክ አልጠየቀውም። ባለ ጤናዳሙ ደስ ብሎት ሊስቅ ሲል ጋሼ ዞር ብለው "አንተም ተራህ ይደርሳል፣ ያ የናንተው እጩ ባለፈው ስብሰባ ለሁሉም ወጣት ስራ እሰጣለሁ ሲል ብሩ ከየት ነው አልኩት፣ ምን እንዳለኝ ታስታውሳለህ?" አሉት። እሱም ጤናዳሙን ከስኒው አውጥቶ ማሽተት ጀመረ። እጩው ምን ብሎ እንደነበር እኔ አስታውሳለሁ፣ "ገዢው ፓርቲስ ከየት ያመጣዋል?" ነበር ያለው። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ፣ የፕላስቲክ ውሃ በነጻ ታድሎን ነበር።

ህገ መንግስቱን አንብበህ ታውቃለህ? አንቀጽ 12 ላይ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ ይሁን ይላል፣ ሃላፊም ተመራጭም ሃላፊነቱን ሲያጓድል ይጠየቃል ይላል፣ ህዝብ በመረጠው ሰው እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል። ሶስት ንዑስ አንቀጽ ናት፣ ቡና እስኪፈላ ታልቃለች። ገልብጬ ገልብጬ ፈለግኩህ፣ የለህም። "ሌላው ካጎደለ ግን ይታለፋል" የምትል አራተኛ ንዑስ አንቀጽ አጥቻለሁ፣ እኛ ግን የምንተዳደረው በሷ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ሙሉ ለሙሉ ከአገር ውጣ አልልህም፣ ሌላም አገር ዘመዶች እንዳሉህ እሰማለሁ፣ ግን መቼም ቪዛ አይሰጡህም፣ እዛ የራሳቸው አላቸው። ምርጫ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ቅስቀሳ ይቆማል አይደል፣ የጥሞና ጊዜ ይባላል፣ ሞንታርቦ የጫነችው ፒካፕ እንኳን ዝም ትላለች፣ እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ የዛፉን ወፍ እንሰማለን። አንተም እነዛን ጥቂት ቀናት ብቻ እረፍ። ሀይቁ ዳር ሂድ፣ ጀልባ ተከራይ፣ ጉማሬ እይ። ሰው እጩውን ፊት ለፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፣ እጩውም ስለራሱ አንድ መልስ ይስጥ፣ "አልቻልኩም" ቢል እንኳን ይበቃናል፣ እምላለሁ "አልቻልኩም" ያለ እጩ ሰምቼ አላውቅም፣ አንድ ቀን ብሰማ በካርዴ ሳይሆን በሁለት እጄ ነው የምመርጠው።

አንድ ነገር ደሞ ልናዘዝ፣ ካልተናዘዝኩ ባለቤቴ ስለምታነበው ነው። ባለፈው ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ በርቷል የኛ ቤት ብቻ ነው ጨለማ። "የመብራት ካርድ ሙላ ብዬህ አልነበር?" አለችኝ። ብሩን ወስጄ ነበር፣ ብሩ የት እንደሄደ ባለ ስኳሩም ያውቃል፣ አሞራ ገደል አብረን ነው የበላነው። እኔ ግን ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ፊቴ ስለማይታይ ደፍሬ፣ "ወንድምሽስ?" አልኳት። ወንድሟ ዲላ ከሄደ ሶስት ሳምንቱ ነው። ሻማ ለኩሳ ፊቴ ላይ አቀረበችና ምንም ሳትናገር ትንሽ አየችኝና ሻማውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ከማይቀረው ሰላምታ ጋር
አንድ የቡና ደንበኛህ

ግልባጭ፦
ለቡና አፍይዋ እህታችን (የዱቤ ደብተሩ ላይ የኔን ስም ስታገኚ "የሱስ?" ብዬ መመለሴን አቁሜያለሁ፣ አርብ እከፍላለሁ)
ለጋሼ
ለባለ ስኳሩ እና ለባለ ጤናዳሙ፣ ለየብቻ አንብቤላቸው ሁለቱም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ልክ ልካቸውን ነገርክልን" ብለውኛል