የኮሌጅ ተጫዋቾች ይደራጁ ዘንድ፤ ድምፅ ለምትሰጡ ወገኖቼ

የአሜሪካን ዜግነት ወስዳችሁ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም ክፍለ ግዛቶች ድምፅ የምትሰጡ ወገኖቼ ሆይ፣ ብዙዎቻችሁ «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ ስለምታልፉት ጉዳይ ልወቅሳችሁ ነው። የኮሌጅ ተጫዋቾች በሠራተኛ ማኅበር ይደራጁ ወይስ አይደራጁ የሚለው ጥያቄ በተነሣ ቁጥር «በነጻ እየተማሩ ደግሞ ምን ቀረባቸው?» ስትሉ እሰማለሁ። ይህን ንግግር ተዉ። እውነት አይደለም፤ እናንተ ስትናገሩት ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል።

እውነት ያልሆነው ትምህርቱ በነጻ ስላልተሰጣቸው ነው። በ2014 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾች ማኅበር ለማቋቋም ሲያመለክቱ፣ የሠራተኞችን የመደራጀት ጥያቄ የሚያየው የፌዴራል አካል፣ የብሔራዊ የሠራተኛ ግንኙነት ቦርድ፣ የቺካጎ ኃላፊ ምስክር ሰምቶ ያረጋገጠው፣ ልጆቹ በውድድሩ ወራት በሳምንት ከ40 እስከ 50 ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ባለው የኦገስት ልምምድ ደግሞ እስከ 60 ሰዓት ለቡድኑ እንደሚያውሉ ነው። ከ2003 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ቡድኑ ያስገባው ገቢ 235 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከእናንተ መካከል በሳምንት 50 ሰዓት ሠርቶ የተቀበለውን ምጽዋት ብሎ የሚጠራ አለን? ስኮላርሺፑም ቢሆን ከ1973 እስከ 2012 ድረስ የኮሌጅ ስፖርትን በሚያስተዳድረው በኤንሲኤኤ ደንብ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሰጥ ስለነበረ፣ አሠልጣኙ ያልወደደው ወይም ጉልበቱ የተጎዳ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ላይታደስለት ይችል ነበር።

ኃላፊው እነዚህ ተጫዋቾች ተቀጣሪዎች ናቸው ብሎ ወሰነ፤ እነርሱም በኤፕሪል ወር በምስጢር ድምፅ ሰጡ። ይግባኝ ስለተጠየቀ የድምፅ ወረቀቱ ታሽጎ ከዓመት በላይ ከተቀመጠ በኋላ፣ በኦገስት 2015 ዋናው ቦርድ ጉዳዩን አላይም በማለቱ ሳይቆጠር ቀረ። ቦርዱ ተቀጣሪዎች አይደሉም አላለም። ያለው፣ ሥልጣኑ የግል ተቋማትን ብቻ የሚመለከት ሆኖ ሳለ ተፎካካሪዎቹ በአብዛኛው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ፣ ለአንድ ቡድን መወሰን መረጋጋት አያመጣም ነው። ወገኖቼ፣ የተሰጠ ድምፅ ሳይቆጠር ሲቀር ሰው ውስጥ የሚቀረውን ምሬት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ይህ ብቻ እንኳ ከእነዚያ ልጆች ጎን ሊያቆማችሁ በተገባ ነበር።

ጉዳዩ ሩቅ አገር የተፈጸመ እንዳይመስላችሁ ደግሞ ከደጃችሁ ላንሣ። ብዙዎቻችሁ ከምትኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በማይርቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በሜይ 2018 በሩጫ ልምምድ ላይ ሳለ በሙቀት ተመታ። የሰውነቱን ሙቀት የለካው አልነበረም፤ ሕይወቱን ሊያተርፍ የሚችለው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የመንከር ሕክምናም አልተደረገለትም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም በሆስፒታል ሞተ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ተቋሙ በሕግም በሞራልም ኃላፊ መሆኑን በይፋ አምነዋል። በስሙ የተጠራው የተጫዋቾች ደኅንነት ሕግ በሜሪላንድ የወጣው በ2021 ነው። ማኅበር ቢኖር ኖሮ ልጁ በእርግጥ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን የሙቀት መለኪያና የውኃ ገንዳ በሜዳው ዳር እንዲኖር፣ የቡድኑ ሐኪም ለአሠልጣኙ ታዛዥ እንዳይሆን፣ የታመመ ልጅም ቦታዬን አጣለሁ ብሎ ሳይፈራ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ የኅብረት ስምምነት መጠየቅ የሚችለው የተደራጀ ሰው ነው። ያልተደራጀው ሰው ከሞተ በኋላ ሕግ ይወጣለታል።

ያሳፍራል ያልሁትም ስለዚህ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ አውሮፕላን ማረፊያዎች ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፉና አውሮፕላን የሚያጸዱ ወገኖቻችን ደመወዛቸውን ያሻሻሉት በማኅበር ተደራጅተው ነው። ለራሳችሁ መብት ያላችሁትን ለሌላው ቅንጦት ስትሉ በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው።

«ማኅበር ከመጣ ዩኒቨርሲቲዎች ገንዘብ የማያስገቡትን ስፖርቶች ይዘጋሉ፤ የሚጎዱት የእኛ ሯጮች ናቸው» የምትሉ ወላጆች አላችሁ። ስጋታችሁን አልንቅም። ነገር ግን ኤንሲኤኤ ከከሰሱት ተጫዋቾች ጋር የደረሰበትና በጁን 2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ትልቁ ስምምነት ለቀድሞ ተጫዋቾች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሳ ሲፈቅድና ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ እንዲከፍሉ በር ሲከፍት፣ የአገር አቋራጭ ቡድንን በ17 ሯጭ ገድቧል፤ ገደቡ በተሰማ ጊዜም ያለ ስኮላርሺፕ የሚሮጡ ብዙ ልጆች ቦታቸውን አጥተዋል። ይህ የሆነው ማኅበር ስላለ አይደለም። ስማቸው ከዝርዝር የወጣው ልጆች የሚወክላቸው ማኅበር አልነበራቸውም። በተማሪ ቪዛ ከኢትዮጵያ መጥተው የሚሮጡት ግን ተቀጣሪ ከተባሉ የሥራ ፈቃድ ጥያቄ ይነሣባቸዋልና፣ ይህ በሕግ በግልጽ መፈታት አለበት፤ ሌላውን ሁሉ ለመከልከል ግን ምክንያት አይሆንም።

የዳርትማውዝ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች በማርች 2024 ዓ.ም. 13 ለ2 በሆነ ድምፅ ማኅበር መርጠው፣ ኮሌጁ ግን አልደራደርም አለ፤ በዓመቱ መጨረሻም ማመልከቻቸውን አንሥተዋል። በዚያ ኮሌጅ የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም፤ ስለዚህ «በነጻ ይማራሉ» የሚለው ወቀሳ እነርሱን ጨርሶ አይነካም።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ውሳኔው የክፍለ ግዛቱ ሕግ አውጪ ነው። ሚሺጋንና ኦሃዮ ገና በ2014 ተጫዋቾች እንዳይደራጁ የሚዘጋ ሕግ አውጥተዋል፤ በ2025 ወደ ኮንግረስ የቀረበው ረቂቅም ተጫዋቾች ተቀጣሪ እንዳይባሉ የሚከለክል አንቀጽ ይዟል። እንግዲህ ዕጩዎች ለምርጫ ቅስቀሳ ወደ አዳራሾቻችሁና ወደ ቤተ እምነቶቻችሁ ሲመጡ፣ አብራችሁ ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ አትሸኟቸው። የሜሪላንድ ሕግ አውጪ በሚሰበሰብበት በአናፖሊስም ሆነ የቨርጂኒያው በሚሰበሰብበት በሪችመንድ ተጫዋቾች ድምፅ ሰጥተው ማኅበር እንዲመርጡ የሚፈቅድ ሕግ ይደግፉ እንደሆነ፣ የኮንግረሱንም ክልከላ ይቃወሙ እንደሆነ ጠይቋቸው፤ የሰጡትን መልስ ጻፉ፤ ድምፃችሁንም በዚያው መሠረት ስጡ።