የበርሜላችን ጥናት ለእኛም ይነገረን

በ2014 ዓ.ም. ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በድሬዳዋ የተመዘገቡት የወባ ሕሙማን 2,425 ነበሩ፤ ከሦስት ዓመታት በፊት በዚያው ወቅት የተመዘገቡት ግን 205 ብቻ ነበሩ። ዋናው ክረምት ገና ሳይገባ ወባ እንዲህ መበርታቱ ለከተማው እንግዳ ነገር ነበር። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የሚመራ ቡድን በከተማው ሰፈሮችና በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች መኖሪያ እየዞረ ደም መረመረ፣ ውኃ የተጠራቀመባቸውን ዕቃዎች ፈተሸ፣ ትንኞችንም ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ሜዲስን በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናትም ወረርሽኙን አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለች፣ መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ከሆነ የወባ ትንኝ ጋር አያያዘው። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ይበቋታል። በጎረቤታችን በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ከታየች ወዲህ የአገሪቱ የወባ ሕሙማን ቁጥር በዓመት ከ27 ተነሥቶ በ2020 ከ73,000 በላይ ደርሷል።

ጥናቱ በዓለም የወባ ባለሙያዎች ዘንድ ሰፊ ትኩረት አግኝቷል፤ ይገባዋልም። የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ሌላ አንባቢ ነው። በርሜሏ የተፈተሸባት የድሬዳዋዋ የገንደ ቆሬ ሰፈር እናት፣ ወይም ጣቱን ተወግቶ ደም የሰጠው የሳቢያን ሰፈር ወጣት፣ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ምን እንደተባለ በሚያውቁት ቋንቋ የሚሰሙት ከማን ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ውኃችሁን ክደኑ እያሉ ቤት ለቤት እንደሚደክሙ አውቃለሁ። ነገር ግን ክደኑ ማለት ትእዛዝ ነው፤ ግኝቱ ያለው በምክንያቱ ውስጥ ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ስላሳለፈች፣ ነዋሪው በበርሜል የሚራባ ትንኝ ሲባል ትዝ የሚለው ያ ትኩሳትና ቁርጥማት ነው። አሁን ወባም ከዚያው በርሜል ሊወጣ እንደሚችል፣ ስለዚህም በበጋ የሚነሣ ትኩሳት ወባ አይሆንም ብሎ ቤት መተኛት እንደማያዋጣ ካልተነገረው፣ ትእዛዙን የድሮው ምክር ድግግሞሽ አድርጎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ግኝት አለ። ያው ጥናት አንዳንዶቹ የወባ ተሕዋስያን በተለመደው ፈጣን ምርመራ እንዲታወቁ የሚያደርጋቸውን ፕሮቲን የሚያመነጨውን ዘረ መል እንዳጡ፣ መድኃኒትን ከመቋቋም ጋር የተያያዘ ለውጥም እንደተገኘባቸው አሳይቷል። ይህን ለሕዝብ መንገር ያስፈራል። አንድ ባለሙያ በሬዲዮ ቀርቦ ምርመራው ሊስት ይችላል ብሎ ቢያቆም፣ በማግስቱ መመርመርን ከንቱ ድካም አድርጎ የሚቆጥር፣ ከዚያም አልፎ ሳይመረመር መድኃኒት ገዝቶ የሚውጥ ሰው ይበዛል። ዝም ቢባልስ? ነፃ ነህ የተባለው ሰው ትኩሳቱ እየባሰ ሳለ ወረቀቱን አምኖ ይቆያል። በሁለቱ መካከል ያለው አነጋገር ግን አስቸጋሪ አይደለም፤ ምርመራው ዛሬም እንደሚያስፈልግ፣ ነገር ግን ውጤቱ ነፃ ብሎ ትኩሳቱ ካልለቀቀ ተመልሶ በማይክሮስኮፕ መታየት እንደሚገባ፣ የታዘዘውንም መድኃኒት ሳያቋርጡ መጨረስ ግድ እንደሆነ መንገር ነው። ይህን በልኩ ሊናገር የሚችለው የግኝቱን አቅምና ድንበር የሚያውቀው ተመራማሪ ራሱ ስለሆነ፣ ሥራው ለሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ብቻ የሚተው አይደለም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጋር ሦስተኛ ተልእኳቸው አድርገው በየመግለጫቸው ይጽፋሉ። በተግባር ግን ለመምህሩ የደረጃ ዕድገት በዋናነት የሚያስገኝለት በታወቀ መጽሔት የታተመ፣ አብዛኛውን ጊዜም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነው። የውጤት ማሰራጫ የሚባለው አውደ ጥናትም ብዙ ጊዜ ለኃላፊዎችና ለባለሙያዎች በሆቴል አዳራሽ ይካሄዳል፤ ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ሻይው በሰዓቱ፣ የተጠናው ሰው ግን የለም። (ስላይዱን ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ ሶማልኛ መመለስ ከሻይው በላይ ያስወጣል ብዬ አላምንም።)

የተሻለ አሠራር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሐረርና በቀርሳ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው ቻምፕስ የተባለው የሕፃናት ሞት ምክንያት ጥናት፣ ልጃቸውን ካጡ ወላጆች ፈቃድ ጠይቆ ናሙና ከወሰደ በኋላ የሞቱን ምክንያት ተመልሶ ለቤተሰቡ ያስረዳል። ከዚህ የከበደ ወሬ ይዞ ወደ ቤት መሄድ የለም። ያ ከተቻለ፣ የበርሜል ትንኝን ውጤት ለቀበሌው መንገር እንዴት ያቅታል?

ተመራማሪዎች ሳይታተም ከተናገርን መጽሔቱ ጽሑፉን አይቀበለንም ይላሉ። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ይሁንና የታወቁ የሕክምና መጽሔቶች በሕዝብ ጤና አደጋ ጊዜ አስቀድሞ የተነገረን ውጤት ለኅትመት እንቅፋት እንደማያደርጉት በመመሪያቸው አስታውቀዋል። ያልበሰለ ውጤት ሕዝብን ያደናግራል የሚለው ክርክር ይበልጥ ይመዝናል። ስለዚህም የተረጋገጠውንና ገና የሚጠናውን ለይቶ መናገር የግድ ነው። ሆኖም ዝምታም ዋጋ አለው፤ የሐረማያ ሐይቅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማብቂያ ገደማ የደረቀው ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አጠገብ ነው። ውኃውን ለከተሞች አቅርቦትና ለጫትና ለአትክልት መስኖ መሳብ፣ ከዳገቱ የሚወርደውም ደለል ምን እንዳደረሱ የሚያብራሩ ጥናቶች ብዙ ናቸው፤ በፓምፑ አጠገብ የሚውለው ገበሬ ግን የእነዚያ ጽሑፎች አንባቢ አልነበረም።

እኔ የምጠይቀው ከሰው ቤት ናሙና የሚሰበስብ ማንኛውም ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ሲያገኝ ውጤቱን ለነዋሪው የሚነግርበትን የመልስ ጉዞ ዕቅድና በጀትም እንዲያስመዘግብ፣ ያ ጉዞ ለተመራማሪው በዕድገት ነጥብም እንዲቆጠርለት ነው። ቦታው አይጠፋም። በሐረር አፎቻ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ በድሬ እድሩና የቀበሌው አዳራሽ አሉ፤ ሬዲዮውም በየቋንቋው ይደርሳል። ሰዓቱን ብቻ እንደ አገሩ መምረጥ ነው፤ በድሬ ሙቀት ከቀትር በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ባዶ ወንበር ያስተናግዳል።

ስብሰባው ከተጠራ ደግሞ ጥያቄው ከወዲያኛው ወገን ይመጣል። ውኃ በፈረቃ እየመጣ በርሜሉን በየሳምንቱ ደፍታችሁ እጠቡ የምትሉን በምን እንድንኖር ነው? ክዳኑንስ ማን ይሠራልናል? ይህን ተመራማሪው ብቻውን ሊመልሰው ስለማይችል፣ በዚያ መድረክ ከጤና ቢሮው ጋር የውኃና ፍሳሽ ኃላፊዎችም አብረው መቀመጥ አለባቸው።