ሰፈሩን ማን ያውቀዋል? ጥናቱ ወይስ ነዋሪው?

የክርክሩ መነሻ ይሄ ነው። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ስለ ነዋሪዎቹ የተሠራ አንድ ጥናት ሰፈሩን «ጊዜያዊ ነዋሪዎች የበዙበት፣ ማኅበራዊ ትስስሩ የላላ» ይለዋል። እንዲህ ያለ ጥናት የሰዉን ኑሮ ያሳያል ወይ? ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል። አንዱ የከተማ ፕላን ባለሙያ ናቸው፤ ሌላዋ እዚያው ሰፈር ክፍሎች የሚያከራዩ እናት።

ባለሙያው፦

በቀጥታ ልናገር። «ቁጥር ውሸት ነው» የሚሉ ሰዎች በማግስቱ የውሃ መስመር ይጠይቃሉ። መስመሩ በምን ተሰልቶ ነው የሚዘረጋው? ጤና ጣቢያው የት ይሁን፣ ትምህርት ቤቱ ስንት ክፍል ይኑረው፣ ይሄ ሁሉ የሚወሰነው ስንት ሰው፣ በምን ዕድሜ፣ በምን ገቢ ይኖራል ተብሎ ነው። በግንቦት 1999 ቆጠራ ሐዋሳ በዙሪያዋ ካሉት የገጠር ቀበሌዎች ጋር 258,808 ሰው ነበራት። ከተማው ውስጥ የሚኖረው ግን 157,139 ነበር። ይህ ተለይቶ ባይቆጠር ከ100 ሺህ በላይ የገጠር ነዋሪ የከተማ ሰው ነው ተብሎ ይታቀድ ነበር።

ጎረቤት ጎረቤቱን ያውቃል ይባላል። አላምንም። ሰው የሚያውቀው ቡና የሚጠራራውን ነው። እድር የሌላት፣ ዘመድ የሌላት፣ ከሥራ ወደ ክፍሏ ከክፍሏ ወደ ሥራ የምትል ልጅ ለማን ትታያለች? የምትታየው ስትቆጠር ነው። አንድን ሰፈር ለማወቅ እዚያ መኖር አያስፈልግም። እንዲያውም እዚያ የሚኖር ሰው ለራሱ ያደላል።

አከራይዋ፦

«አንድን ሰፈር ለማወቅ እዚያ መኖር አያስፈልግም።» ወንድሜ፣ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ።

እሺ፣ ያልኖርክበትን ሰፈር ልንገርህ። አንተ የጠራኸው ቆጠራ የ1999 ነው። ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ ሊካሄድ ነው እየተባለ ሲራዘም ነው የኖረው። ፓርኩ በሙሉ አቅሙ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተባለ። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚሆን ቤት ግን አልነበረም። ልጆቹ የት ገቡ? እኛ ግቢ ገቡ። ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። አንዷ የጠዋት ፈረቃ ናት፣ ሌላዋ የማታ፤ አንዷ ከፍራሹ ስትነሳ ሌላዋ ትተኛበታለች። የጥናቱ ጠያቂ የመጣው ረፋድ ላይ ነው። ግማሾቹ ሥራ ላይ፣ ግማሾቹ እንቅልፍ ላይ። በር የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ክፍሎቹን ቆጠረና ሄደ።

ከዚያ «ትስስሩ የላላ» ተብሎ ተጻፈ። ምኑን አይቶ? ልጆቹ እኮ እቁብ አላቸው። ደሞዝ ሲወጣ ይጥላሉ፣ የደረሳት ለናቷ በቴሌብር ትልካለች። አንዷ ታማ የተኛች ጊዜ ክፍል የሚጋሯት ናቸው ፈረቃ እየተለዋወጡ ያስታመሟት፤ አንዷ የሲዳማ፣ አንዷ የወላይታ፣ አንዷ የከምባታ ልጅ። እድር መዝገብ ላይ ስማቸው ስለሌለ ነው ትስስር የላቸውም የተባለው?

የመብራቱ ደግሞ ይብሳል። ጥናቱ ግቢዬን ከፍተኛ ተጠቃሚ ብሎ ከደህና ኑሮ ጋር መድቦታል። ለምን? ቆጣሪው አንድ ነዋ! መብራት ብዙ በፈጀህ ቁጥር የኪሎዋቱም ዋጋ ይጨምራል። እያንዳንዷ ልጅ ያላት አንድ አምፖልና ማታ ማታ የምትለኩሳት ምድጃ ናት። የሁሉም በአንድ ቆጣሪ ሲያልፍ የባለ ፎቅ ሂሳብ ይመጣል። ገንዘቡን የሚያዋጡት እነሱ ናቸው፣ ወረቀቱ ግን ደልቷቸዋል ይላል።

ባለሙያው፦

ያንን ጥናት እኔ አልሠራሁትም፤ ጠያቂው በስንት ሰዓት እንደመጣ አልጠየቅም። የቆጣሪው ነገር ግን ይግረመኝ። ለየክፍሉ ቆጣሪ ያላስገባው ማነው? ቁጥሩ ነው ወይስ ባለቤቱ?

አንድ ነገር ደግሞ ዘለሉ። «ክፍሎቹን ቆጠረና ሄደ» ብለዋል። በር የከፈቱት እርስዎ ነዎት። ስንት ሰው ይኖራል ተብለው ሲጠየቁ ምን መለሱ? በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም ይላል። እነዚያ ልጆች ውል አላቸው? ቀበሌ ያውቃቸዋል?

አከራይዋ፦

ሰፈር ለማወቅ መኖር አያስፈልግም ያለ ሰው አሁን ከደጄ ቆሞ ምን ብዬ እንደመለስኩ ሊያውቅ ፈለገ። መኖር ካላስፈለገ እኔን ምን አስጠየቀህ?

ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማን ውሰድ። ሐይቁን ይዘህ ስትሄድ ሪዞርቱ አለ፣ አሞራ ገደል ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች አሉ። የሁለቱን ገቢ ደምረህ ስታካፍለው አንድ መካከለኛ ሰው ይወጣልሃል። ያ ሰው ሐዋሳ ውስጥ የለም። ፈልገህ አታገኘውም። እቅድ የሚወጣው ግን ለእሱ ነው።

የኔኑ ቤት ልንገርህ። የልጄ አባት ሲዳማ ነው፣ እኔ ወላይታ ነኝ። ቤታችን ሁለቱም ይወራል፣ አማርኛውም አለ። ጠያቂው አንድ ብሔር ጻፈ፣ አለቀ። እኔን በሌላ መስመር፣ ልጄን በሌላ መስመር። እናትና ልጅ በወረቀት ተለያየን!

ባለሙያው፦

የ1999ኙ ቆጠራ ከተለያየ ብሔር ወላጆች ለተወለዱ ሰዎች ራሱን የቻለ ረድፍ ነበረው። ፋይዳ መታወቂያ ደግሞ ብሔር የሚባል ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ የልጅዎ ነገር የአንድ መጥፎ መጠይቅ ጥፋት ነው። መጥፎ መጠይቅ ይስተካከላል። መቁጠር ራሱ ክፉ ነው ብለው ያስተምሩን ከሆነ ግን አልቀበልም።

ጥያቄዬ አሁንም አልተመለሰም። ለምን እንደምወተውት ልንገርዎት። ታህሳስ 2014 ላይ አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ሲዘጋ ፓርኩ ውስጥ ሥራ ያጡ ልጆች ነበሩ። በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ግቢ ይኖሩ ነበር? እንጀራ የሚያቀርብላቸው ድርጅት እንኳ ቢገኝ ማንን ብሎ ይመጣል? ክፍል እንጂ ሰው አልተመዘገበማ። እርስዎ ግቢ ያሉት ልጆች «ጊዜያዊ» የተባሉት ጥናቱ ስለጠላቸው አይደለም። ቋሚ መሆናቸውን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ስለሌለ ነው። ያንን ወረቀት ደግሞ የሚጽፈው አከራይ ነው።

አከራይዋ፦

ከዚህ በኋላ እርስዎ ልበልዎት። ወንድሜ ያልኩት ሰው ልጆቹን ደብቀሻል ወደ ማለት ሄዷል።

አጎዋ ሲዘጋ ኪራይ የሚከፍሉት አጥተው እኔው ግቢ የቀሩ ልጆች አሉ። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽሮ ከኔ ጓዳ ነው የወሰዱት። ኪራዩን የታገሰው የትኛው ሰንጠረዥ ነው? እርስዎ «ማንን ብሎ ይመጣል» ይላሉ። እኔ ማንም እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ሥራ ያጣችውን ፊቷን አይቼ አውቃለሁ፣ ሳትነግረኝ። ይህን መኖር ካልሰጠኝ ምን ሰጠኝ?

ባለሙያው፦

ደግ መሆንዎን አልካድኩም። ግን ይህ ሁሉ ሲጻፍ ልጆቹ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለ እነሱ እኔ እናገራለሁ፣ ስለ እነሱ እርስዎ ይናገራሉ። ልዩነታችን እርስዎ ከእነሱ ኪራይ መቀበልዎ ነው። ኪራይ የሚቀበል ሰው የተከራይ አፍ ሊሆን አይችልም። ውል የሌላት ልጅ ነገ በሌላ አከራይ ውጪ ብትባል በምን ትከራከራለች? አከራዩ ሳትነግረው ፊቷን አይቶ ያውቅላታል?

አከራይዋ፦

ከኔ ግቢ ያለ አግባብ ውጪ የተባለች ልጅ የለችም። ስለ ሌላ አከራይ ሌላውን ይጠይቁ።

መቁጠራችሁ የማይቀር ከሆነ ግን ጠያቂው ማታ ይምጣ፣ ሰርቪሱ ካወረዳቸው በኋላ። የማታ ፈረቃ ላሉት ደግሞ በሌላ ቀን ከሰዓት ይመለስ። በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን እንዳይመጣ፤ ያን ጊዜ ግማሹ ግቢ ወደ አገሩ ነው። ክፍል በክፍል ያንኳኳ፣ ሲዳምኛ የሚችል ሰው ይዞ ይምጣ፣ ሲጋሩ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ ይጠይቅ። እኔን አይጠይቀኝ። እነሱን ይጠይቅ።

ባለሙያው፦

ማታ መምጣቱን እኔም እደግፋለሁ። የውጭውን በር የሚከፍቱት ግን ያኔም እርስዎ ነዎት። ሲከፍቱ የልጆቹን ውል ይዘው ይጠብቁን።