እርማት፦ ጎበዝ ጸሐፊም ይፈራል፣ ይሰርዛል

"እውነተኛ ጸሐፊ አይፈራም፤ በአንድ ቁጭታ ይጨርሳል፤ የሚሰርዝ ተሰጥኦ የለውም" የሚለው አስተያየት ሰሞኑን እየተደጋገመ ነው። በአክብሮት፣ ልክ አይደለም።

ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዳችሁ የብራና መጻሕፍቱን ጠጋ ብላችሁ እዩ። ቅዱስ መጽሐፍ መገልበጥ ከባድ ኃላፊነት ነው። ቁም ጸሐፊዎቹ ግን ይስታሉ። የተሳሳተውን በቢላ ፍቀው እላዩ ላይ ደግመው ይጽፋሉ። የዘለሉትን ቃል በመስመሮች መሀል በደቃቅ ፊደል ያስገባሉ። "እነሱ እኮ ገልባጮች ናቸው" ትሉ ይሆናል። ታዲያ ዋናው ፊቱ ተዘርግቶለት የሚጽፍ ሰው ከሳተ፣ ከባዶ ወረቀት የሚነሳው እንዴት አይስት?

ዝም ያላልኩት ወድጄ አይደለም። አራት ኪሎ የማውቀው አንድ ልጅ ይህንኑ ወሬ አምኖ ሙሉ ደብተሩን ቀዶ ጥሎታል።