ሁለተኛው ሐዲድ የመጀመሪያው ቅጂ አይደለም

ለወራት የደከሙበትን የባቡር ሲሙሌተር (ባቡር መንዳትን የሚያስመስል የኮምፒዩተር ጨዋታ) መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነዱ፣ ከፊት የመጣው ባቡር በኩርባው ላይ ጎኑን በእርስዎ ፉርጎ ውስጥ አሳልፎ ሲሄድ ማየት ያማል። በእኔ ደርሷል። ጣቢያው፣ ዛፎቹ፣ ድልድዩ፣ የምልክት መብራቶቹ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ። ጥፋቱ የተፈጸመው ከዚህ ሁሉ በፊት፣ የመጀመሪያውን ሐዲድ ቀድቼ 4 ሜትር ወደ ጎን ያስቀመጥሁት ዕለት ነው።

ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይህ አሠራር ምንም ነውር የለበትም። ኩርባ ላይ ግን ጎን ለጎን የሚሄዱ ሐዲዶች አንድ ማእከል ያላቸው የሁለት ክቦች ቁራጮች ናቸው፤ የውስጡ ራዲየስ 500 ሜትር ከሆነ የውጪው 504 መሆን አለበት። የ500 ሜትሩን ኩርባ እንዳለ ቀድቶ ወደ ጎን የሚያዛውር ሰው ማእከሉንም አብሮ አዛወረው። ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ኩርባው በዞረ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ስንት እንደሚቀር ለማወቅ የመነሻውን ርቀት በዞረው ማዕዘን ኮሳይን ማባዛት ይበቃል፦ 4 ሜትር የነበረው በ30 ዲግሪ 3.46፣ በ45 ዲግሪ 2.83፣ በ60 ዲግሪ 2 ሜትር ይሆናል። የተሳፋሪ ፉርጎ ስፋት ወደ 3 ሜትር ይጠጋልና ባቡሮቹ 45 ዲግሪ ላይ ሳይደርሱ ተነካክተዋል።

“በዓይን እየለካን ብናስተካክለውስ?” የሚሉ አሉ። ነጂው በፍጥነት ስለሚያልፍ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አያስተውልም ይላሉ። አልስማማም። የሰው ዓይን ብዙ ነገር ይስታል፤ ሁለት ጥንድ ሐዲዶች ሲቀራረቡና ሲራራቁ ግን ወዲያው ያውቃል፤ ከነጂው መስኮት ፊት ለፊት ከዚያ በላይ ረዝሞ የሚታይ ነገር የለምና። ደግሞም ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። ባቡር ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መቀያየሪያ የሚገጥመው ርቀቱ በትክክል ሲጠበቅ ነው። በዓይን የተለካ መስመር የሚጋለጠው መቀያየሪያው ሊገጠም ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኪሎ ሜትሮች ተሠርተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር መስመር የሠሩ ሰዎች ይህን በግድ ተምረዋል። ሐዲዱ በአብዛኛው ርዝመታቸውና ራዲየሳቸው አስቀድሞ ከተወሰነ ቁራጮች የሚገጣጠም ስለነበር 504 ሜትር የሚባል ኩርባ በልክ ማግኘት ቀላል አልነበረም። ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር የሚሆን አንድ ብልሃት አለ፤ እስካሁን እወደዋለሁ። ለሁለቱም ሐዲዶች አንድ ዓይነት ራዲየስ ይወሰድና በውጪው ኩርባ መግቢያና መውጫ ላይ አጭር ቀጥ ያለ ቁራጭ ይጨመራል። የቁራጩ ርዝመት በሐዲዶቹ መካከል ያለው ርቀት በኩርባው ግማሽ ማዕዘን ታንጀንት ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለ10 ዲግሪ ኩርባና ለ4 ሜትር ርቀት 35 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ክፍተቱ በኩርባው መሐል የሚሰፋውም በ1.5 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው። ለ90 ዲግሪ ግን ቁራጩ በየጫፉ 4 ሜትር ይሆንና መሐሉ ወደ 5.66 ሜትር ይከፈታል። ብልሃቱ ለለዘብተኛ ኩርባ መድኃኒት ነው፤ ለጠባብ ኩርባ ግን አይሆንም።

ቢሆንም መስፋት ከመጥበብ ይሻላል፤ እውነተኛው የባቡር ሐዲድም በጠባብ ኩርባ ላይ ርቀቱን ሆን ብሎ ያሰፋል። ረጅም ፉርጎ ኩርባ ላይ መሐሉ ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጪ ይወጣሉ። በሁለቱ የመንኰራኩር ጋሪዎቹ መካከል 19 ሜትር ያለው ፉርጎ በ190 ሜትር ራዲየስ ላይ መሐሉ 24 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። የ190 ሜትሩን ምሳሌ ያመጣሁት ከኦስትሪያው የዜመሪንግ መስመር ነው። ካርል ፎን ጌጋ የነደፈው ይህ የ41 ኪሎ ሜትር የተራራ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1854 ሲከፈት እስከዚህ ድረስ የጠበቡ ኩርባዎች ነበሩት፤ ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን የተዘረጋበትም ነበር። መስመር መሥራት የሚማር ሰው ካርታውን ዘርግቶ ቢያጠናው ብዙ ያተርፋል።

በእንዲህ ያለ ተራራ ላይ ሌላ የሚረሳ ነገር አለ፤ ከፍታው። በ190 ሜትር ራዲየስ ሩብ ክብ የሚዞረው የውስጥ ሐዲድ 298.5 ሜትር ሲረዝም፣ 4 ሜትር ርቆ የሚሄደው የውጪው 304.7 ሜትር ነው። የ6.28 ሜትሩ ልዩነት ራዲየሱ ምንም ያህል ቢሆን አይለወጥም፤ የሚወስኑት ርቀቱና የዞረው ማዕዘን ብቻ ናቸው። ለሁለቱም በ1000 ሜትር 25 ሜትር የሚወጣ ዳገት ብንሰጣቸው የውጪው ሐዲድ በኩርባው መጨረሻ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ለሁለቱ ሐዲዶች መስጠት ያለብን አንድ ዓይነት ዳገት ሳይሆን አንድ ዓይነት የመነሻና የመድረሻ ከፍታ ነው።

አንዳንድ የመስመር መሥሪያ ፕሮግራሞች ከተሠራ ሐዲድ ጎን በተወሰነ ርቀት ሌላ የሚዘረጋ መሣሪያ አላቸው። ጥሩ ነው፤ ይጠቀሙበት። አራት ሐዲድ ሲዘረጉ ግን ሁሉንም ከአንዱ ይለኩ፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛውን ከሁለተኛው እያሉ ከሄዱ ትንንሾቹ ስሕተቶች ይደማመራሉ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። መሣሪያው ሐዲዱን ዘርግቶ ሲጨርስ ዝምድናውን ይረሳል፤ ነገ የመጀመሪያውን ኩርባ ባሻሽል ሁለተኛው ባለበት ቆሞ ይቀራል። ፕሮግራም ሠሪዎች ሊያስቀምጡ የሚገባው የጋራውን መሐል መስመር ነው፤ ሐዲዶቹ ከእርሱ በዚህና በዚያ የሚቆሙ፣ እርሱ ሲንቀሳቀስ አብረውት የሚንቀሳቀሱ ይሁኑ።

ጥንዱን መፍታት የሚያስፈልግበት ቦታም አለ። በሁለት ሐዲዶች መካከል የተሳፋሪ መድረክ ሲገባ፣ ወይም ሁለተኛው ሐዲድ ከዓመታት በኋላ ተጨምሮ የራሱ ዋሻና ድልድይ ሲኖረው፣ ትይዩነቱ እዚያ ላይ ያበቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ መሐል መስመሩን ቆርጦ ለእያንዳንዱ ሐዲድ የራሱን መንገድ መስጠት፣ መድረኩ ሲያልፍም እንደገና በልክ ማገናኘት የሠሪው ሥራ ነው።