ይድረስ ለክቡር አረንጓዴ ሻጋታ

ጉዳዩ፦ ከእንጉዳይ ፌስታላችን እንዲለቁ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የባህር ዳር ጓዳ ውስጥ እንጉዳይ አብቃዮች፣ ከእርስዎ በቀር፣ ደህና ነን። ሳይጠሩት አቤት ማለት ልማድዎ መሆኑን ብናውቅም፣ ጭድ ተሞልቶ ዘር የተዘራበት ፌስታል የተገዛው ለኦይስተር እንጉዳይ እንጂ ለእርስዎ ማረፊያ አለመሆኑን በትህትና እንገልጻለን።

መቼም አገባብ ያውቁበታል። ሲመጡ ነጭ ለብሰው ነው። የእንጉዳዩም ድር (ዘሩ ጭዱ ውስጥ የሚዘረጋው ቀጭን ክር) ነጭ፣ እርስዎም ነጭ፤ ባለቤቱ «እሰይ፣ ያዘልኝ!» ሲል ዝም ብለው ይሰሙታል። ከጥቂት ቀን በኋላ አረንጓዴ ዱቄትዎን ነስንሰው ብቅ ይላሉ፤ ያ ዱቄት ዘርዎ ነው፣ አንዴ እፍ ከተባለ ክፍሉን ይሞላዋል። ድሩ ላይ ቢጫ ጠብታ ያየ ሁሉ ደግሞ እርስዎን ይከሳል። እውነቱን ለመናገር እሱ አብዛኛውን ጊዜ ድሩ ራሱ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ነጭ ጥጥ አርጥቦ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ አረንጓዴ ከለቀቀ እርስዎ ነዎት።

ለነገሩ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ መጫን ነውር ነው፤ ስንት ደጋፊ አለዎት! ዝግጁ ፌስታል ገዝቶ፣ በምላጭ 5 ሳንቲሜትር ያህል በመስቀል ቅርጽ ሰንጥቆ፣ ውሃውን ስንጥቁ ውስጥ እስኪቋጥር የሚያንቆረቁር አለ። ውሃ በቀን ሁለት ሦስቴ እንደ ጉም የሚረጨው አየሩ ላይና ዙሪያው ላይ ነበር። በሚያዝያ ሙቀት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ የሚያስቀምጥም አለ፤ የፌስታሉ ውስጥ ከክፍሉ ይበልጥ እንደሚሞቅ፣ ድሩ 30 ዲግሪን ሲያልፍ እንደሚዳከም፣ እርስዎ ግን ገና እንደሚደላዎት ማን ይንገረው? ሌላው ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ ጉቶውን ትቶልዎት ይሄዳል። እንጉዳይ ከሥሩ ተጠምዝዞ ነው የሚነቀለው፤ የቀረው ጉቶ ሲበሰብስ ለእርስዎ ድግስ ነው።

እንጉዳይ ሊዘሩበት ብለው የጀበና ቡና አተላ የሚያጠራቅሙትንማ ሐውልት ሊያቆሙላቸው ይገባል። ቡናው ስለፈላ ንጹሕ ነው ይላሉ። ሲወርድ ንጹሕ ነበር፤ ግን ሳምንት ሙሉ በሳህን ቆይቶ!

ጭድ ራሱ የሚያዘጋጀው ሰው ዋና ባለውለታዎ ነው። ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው፤ ለጤፍ ጭድ እሱም ይተርፋል። ቁም ነገሩ መፍላቱ ሳይሆን ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ሰዓት ተኩል መቆየቱ ነው። ሰውየው ግን አንዴ ገንፈል ሲልለት ያወርዳል። ከዚያ «ምርት እንዲጨምር» ብሎ ፉርሽካ ይጭንበታል። ፉርሽካ የበዛበት ጭድ በዚህ ሙቀት ብቻ አይጸዳም፤ በግፊት ድስት በ121 ዲግሪ ካልተቀቀለ በቀር የመጀመሪያው ተመጋቢ እርስዎ ነዎት። ጭዱ በእጅ ሲጨመቅ ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ መጣል ሲገባው እንደ ጨርቅ ያንጠባጥባል፤ ሳይቀዘቅዝ ዘር ይነሰንስበታል፤ ለ10 ኪሎ እርጥብ ጭድ ግማሽ ኪሎ ዘር እንኳ ይሰስታል። ዘሩ ሲያንስ ድሩ ጭዱን ለመሸፈን ይዘገያል፤ መሬት የሚይዘው ደግሞ የቀደመ ነው። ዘመድዎ እምቦጭም ጣናን የያዘው በፍጥነት ነው። በነገራችን ላይ እሱም ደርቆና ተከትፎ የእንጉዳይ ጭድ ይሆናል፤ ፍሳሽ ከሚገባበት ዳርቻ ከተለቀመ ግን ከባድ ብረት ስለሚስብ አይነካም።

ስለዚህ የሚከተለው ተወስኗል። የያዙት ቦታ ከ1 ብር ሳንቲም ካልበለጠ፣ ፌስታሉ ወደ ደጅ ወጥቶ፣ አልኮል በነካው ቢላ ዙሪያዎን ሁለት ሳንቲሜትር ጨምሮ ተቆርጦ ይነሣል፤ ቁስሉም ላይ ኖራ ይነሰነሳል። ሩቡን ከያዙ ግን ድርድር የለም። ክፍሉ ውስጥ ሳይከፈት በሌላ ፌስታል ታስሮ፣ ከቤት ራቅ ብሎ ይቀበራል። «እስኪ ትንሽ ልየው» የሚሉ ባለቤቶች ይህ ደብዳቤ እነሱንም ይመለከታል።

ከሰላምታ ጋር
የጓዳ እንጉዳይ አብቃዮች፣ ባህር ዳር

ግልባጭ፦
ፌስታሉ ላይ ለሚያንዣብቡት ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች (የሻጋታውን ዘር በእግራችሁ ስለምታመላልሱ)
እጁን ሳይታጠብ ጭድ ለሚያገላብጥ ሁሉ